በሁለት ክሊኒክ መካከል የምትመላለስ ሴት፦ የሆርሞን ተመራማሪ የሆንኩበት መንገድ

ወጣት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይጽፉልኛል። «ሐኪምም ተመራማሪም ሆኖ መኖር ይቻላል?» ይሉኛል። በአጭር መልእክት ስመልስ ሁሌም የሚቀር ነገር አለ። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሥራዬ ሆርሞን ነው። አብዛኛውን ዕድሜዬን የወሰደው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ ብዙዎቻችሁ ፒሲኦኤስ የምትሉት በሽታ ነው። የወር አበባን ያዛባል። ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል። ማርገዝን ያስቸግራል። ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷን ገደማ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በሽታው ካለባቸው ሴቶች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በምርመራ አልተለዩም። ይህን ያህል የተለመደ ነገር ይህን ያህል ተደብቆ የሚኖረው በምክንያት ነው። ምክንያቱን ያየሁት አዲስ አበባ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሳለሁ ነው።

የውስጥ ደዌ ክፍል ነበርኩ። ስኳር ክሊኒክ ስመደብ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ይመጣሉ። ስኳራቸው ከፍ ብሏል። የወር አበባቸውም ከቀረ ወራት አልፎታል። የወር አበባውን ነገር ሲያነሱ «እሱ የማህፀን ክፍል ነው» ተብለው ይላካሉ። እዚያ ደግሞ አልትራሳውንድ ይነሳሉ፣ ወር አበባ የሚያመጣ ኪኒን ይሰጣቸዋል፣ «ስኳሩን እዚያው ተከታተዪ» ይባላሉ። ሁለቱም ክፍሎች የራሳቸውን ሥራ ሠርተዋል። ሴትየዋ ግን መሃል ላይ ቀርታለች።

አንዲት ወጣት ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ነበር የምትቀመጠው። ልመረምራት ዝቅ አድርጊው ስላት መጀመሪያ ወደ በሩ አየች፤ ሰው እንዳይገባባት። አገጯ ሥር በምላጭ የተላጨ ጢም ነበር። ቆዳው ቆስሏል። የእጮኛዋ እናት «ይቺ ልጅ ትወልዳለች ወይ?» ማለት እንደጀመሩ ነገረችኝ። ካርዷ ላይ ጽፌ ልጨርስ ስል «ዶክተር፣ ጢሜና ስኳሬ ዝምድና አላቸው እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለመመለስ ግን የሕክምናው ዓለም ስልሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሻርና ቲዬር የሚባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ስለ ጢማም ሴቶች የስኳር በሽታ ጻፉ። በ1935 ደግሞ ቺካጎ ውስጥ ስታይንና ሌቨንታል ወር አበባቸው የተዛባና ኦቫሪያቸው (እንቁላል የሚያመርተው አካል) የተለቀ 7 ሴቶችን ታሪክ አወጡ። ከኦቫሪያቸው ላይ ቆርጠው ሲያወጡላቸው ወር አበባቸው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሽታው የማህፀን ሐኪሞች ንብረት ሆነ። የፈረንሳዮቹ ጽሑፍ በሌላ መደርደሪያ ቀረ። በ1980 ነው ቡርገን፣ ጊቨንስና ኪታብቺ ሜምፊስ ላይ ሁለቱን ያገናኙት። በእነዚህ ሴቶች ደም ውስጥ ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊንና የወንድ የሚባለው ሆርሞን አብረው ከፍ እንደሚሉ አሳዩ። በ1989 አንድሪያ ዱናይፍና ባልደረቦቻቸው አንድ እርምጃ ጨመሩበት፦ ሰውነት ኢንሱሊንን አለመታዘዙ ቀጭን በሆኑትም ሴቶች ላይ አለ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመርታል። ኦቫሪው ግን አሁንም ይሰማል። የበዛው ኢንሱሊን ኤልኤች ከሚባለው ሌላ ሆርሞን ጋር ሆኖ ኦቫሪው የወንድ የሚባለውን ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንን፣ እንዲያበዛ ይገፋዋል። ጉበት ደግሞ ቴስቶስትሮንን ይዞ የሚያቆየውን ፕሮቲን ማምረት ይቀንሳል። ስለዚህ ነጻ ሆኖ በደም የሚዘዋወረው ይበዛል። ፀጉር ይበቅላል፤ እንቁላልም በስሎ ሳይወጣ ይቀራል። ሁሉም ሴት ላይ በእኩል መጠን አይደለም። የልጅቷ ጥያቄ ግን ትክክል ነበር፤ ዝምድና አላቸው። እኔም ሥራዬ እዚያ መገናኛው ላይ እንዲሆን ፈለግኩ።

ወደ አሜሪካ ሄጄ ሬዚደንሲውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከዚያ ኢንዶክሪኖሎጂ (የሆርሞን ሕክምና) ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከሬዚደንሲ በኋላ ያለ ሥልጠና፣ ገባሁ። የምሠራበትን ላብራቶሪ መምረጥ ሲመጣ ስማቸው የገነነ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። እኔ ግን ስልክ ያነሳሁት ወደ ቀድሞ ተማሪዎቻቸው ነው። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። የተማሪን ጽሑፍ ቶሎ አንብበው ይመልሳሉ ወይ? ተማሪው ሲወጣ የራሱን ጥያቄ ይዞ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ ወይ? የመረጥኳት ፕሮፌሰር ከሌሎቹ ያነሰ ስም ነበራት፤ ለሁለቱም ጥያቄ ግን የሁሉም መልስ «አዎ» ነበር። በዚያ ላይ ታካሚ ማየት አላቆመችም። ወጣት ሐኪሞች ይህን ጉዳይ በጣም አቃለው ያዩታል። ከምርምር ርዕሱ በፊት ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን ምረጡ። ርዕስ ይቀየራል፤ አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ግን ለዓመታት የምትወጡበትን በር ይወስናል።

እሷ አንድ ሕግ ነበራት። አንድን ነገር በትክክል መለካት ሳይቻል ሌላ አይጀመርም። ስለዚህ መጀመሪያ የተማርኩት ሰውነት ኢንሱሊንን ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚያሳየውን፣ ክላምፕ የሚባለውን መለኪያ ነው። በ1979 ዴፍሮንዞና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት አሠራር ነው እስከ ዛሬ የምንሠራው። ተሳታፊዋ ሌሊቱን ሳትበላ ትመጣለች። አንድ ክንዷ ላይ ኢንሱሊንና ግሉኮስ የሚገባበት መስመር ይተከላል። ሌላው እጇ የሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ ከደም መልሱ ላይ የሚቀዳው ደም ከልብ ከሚወጣው ደም ጋር እንዲቀራረብ ያደርገዋል። ኢንሱሊኑ በማይለዋወጥ ፍጥነት ይገባል። ስኳሯ መውረድ ይጀምራል። በየ5 ደቂቃው ደም እንቀዳለን፣ እንለካለን፣ ስኳሯ 90 አካባቢ እንዲቆም ግሉኮሱን እንጨምራለን ወይም እንቀንሳለን። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ስኳሯን እዚያው ለማቆም ብዙ ግሉኮስ ካስፈለጋት ሰውነቷ ኢንሱሊንን ይታዘዛል ማለት ነው። ጥቂት ከበቃት አይታዘዝም።

ሰዓቱ ይጮሃል፣ ደም ይቀዳል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ፓምፑ ይስተካከላል። በየመካከሉ ግን ወሬ አለ። ክሊኒክ ውስጥ ለአንድ ሴት 15 ደቂቃ ነው ያለኝ። እዚህ ጠዋቱን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ነኝ። አንዷ እያወራን «ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት ሁሌም የፊቴን ፀጉር እነቅላለሁ፤ እንዲህ ሆኜ እንዴት እወጣለሁ?» አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። እኛ የፀጉሩን መጠን የምንመዝነው በዓይን አይተን፣ በሰውነት ክፍል ነጥብ እየሰጠን ነው። ሴቶቹ ግን ለቀጠሮ ሲዘጋጁ አስወግደውት ይመጣሉ! ከዚያ በኋላ ቅጻችን ላይ «በምን ያህል ጊዜ ያስወግዳሉ? በምን?» የሚል ጥያቄ ገባ። የብዙዎቹ መልስ ከነጥቡ ይልቅ ስቃያቸውን ይናገር ነበር። ይህን ከመጽሔት ላይ አላገኘሁትም። ተመራማሪ ሐኪም የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው እላለሁ፤ ቁጥሩንና ሰውየውን በአንድ ክፍል ውስጥ ማየቱ።

ስለ መለካት ካነሳን ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ምርምር የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ነው። የሴት ቴስቶስትሮን ከወንዱ አንድ አሥረኛ ቢደርስ ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ምርመራ በዚያ ዝቅተኛ መጠን ላይ ያወላግዳል። ስለዚህ ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባለው ዘዴ ማስለካት የግድ ነው፤ ውድ ቢሆንም። ለፀጉር መነቃቀል ተብሎ በየፋርማሲው የሚሸጠው ባዮቲንም አንዳንድ የሆርሞን ምርመራዎችን ያዛባል። ሰው ደግሞ ቫይታሚንን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥር «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባል «አልወስድም» ይላል። በስሙ ጠይቁ። ደሙም ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ኢንሱሊኑ ይፈርሳል፤ ውጤቱ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ምርጥ ሐሳብ ይዞ መጥፎ ደም ቀጂ ያለው ምርምር ከንቱ ነው። ላብራቶሪዬ ውስጥ ደም የሚቀዱትን ነርሶች ጽሑፋችን ላይ በስማቸው የማስገባው ለዚህ ነው።

ሆርሞንን መለካት መቻሉ ራሱ ተአምር ነበር። ሮዛሊን ያሎው የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ ሰለሞን በርሰን ሐኪም። ሁለቱ ኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በደም ውስጥ ያለን ኢንሱሊን የሚለኩበት ዘዴ ፈጠሩ። ለዚህ ያበቃቸው ጽሑፍ መጀመሪያ ሲላክ ተመልሶባቸው ነበር። ያሎው በ1977 ኖቤል ሲቀበሉ ያንን የእምቢታ ደብዳቤ በንግግራቸው ውስጥ አስገብተው ለዓለም አሳዩ። በርሰን ግን በ1972 ስላረፉ ለሽልማቱ አልደረሱም። የእምቢታ ደብዳቤ በደረሰኝ ቁጥር ይህን አስታውሳለሁ።

ደርሶኛልም። የመጀመሪያው የግራንት (የምርምር ገንዘብ) ማመልከቻዬ ሲመለስ የገምጋሚዎቹ አስተያየት የሬዚደንትነት ጊዜዬን አስታወሰኝ። አንዱ ገምጋሚ ስለ ኦቫሪ በዛ አለ። ሌላው ስለ ስኳር በዛ አለ። በሽተኛዋን መሃል ላይ የጣላት ግድግዳ እዚህም ቆሟል። መፍትሔው ሐሳቡን መቀየር አልነበረም። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ አንጋፋ ተመራማሪ አማካሪ አድርጌ አስገባሁና እያንዳንዱ ጥያቄ ለሁለቱም ለምን እንደሚጠቅም በአንድ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። በቀጣዩ ዙር አለፈ። በሁለት ሙያ መካከል የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱንም ወገን ማመልከቻው ላይ ስም አስገቡ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቪዛ ማውራት አለብኝ። ስለዚህ ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አላየሁም፤ ስንቱን ጎበዝ ግን ከመንገድ አስቀርቷል። ጄ-1 የሚባለውን የአሜሪካ ቪዛ ይዞ የሠለጠነ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ወይ ሁለት ዓመት አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ያገለግላል። ኬ23 የሚባለው፣ ታካሚ ላይ ለሚመራመሩ ጀማሪ ሐኪሞች ከኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋል። እኔ ገጠር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ሄድኩ። ቀኑ ሙሉ የታካሚ ነው፤ ምርምር ለማታና ለቅዳሜ ይቀራል። በፌሎሺፕ ዘመን የተሰበሰበ ዳታ ይዤ ነበርና እሱን ጻፍኩ። ከፕሮፌሰሯ ጋር በየሳምንቱ በስልክ እንገናኝ ነበር፤ ምንም አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንት እንኳ። ክሩ ያልተበጠሰው በዚያ ስልክ ነው። ይህ መንገድ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ፌሎሺፑን ከመጨረሳችሁ በፊት ገና ያልተጻፈ ጥሩ ዳታ በእጃችሁ ይኑር።

ኬ23 ሲገኝ ትልቁ ስጦታ ጊዜው ነው። ደንቡ 75 በመቶው የሥራ ጊዜ ለምርምር እንዲሆን ያስገድዳል። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ሥራ ላይ ግን «ዛሬ ብቻ ተረኛውን ሸፍንልን» ይመጣል። ነገም ይመጣል። አለቃዬን ቀርቤ የክሊኒክ ቀኔ ሐሙስ ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ አስፈረምኩ። ሲጠይቁኝ ያንን ወረቀት አሳያለሁ፤ ፀብ የለ፣ ይሉኝታ የለ። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ ያጠቃናል። የተፈረመ ወረቀት ከይሉኝታ ያድናል። ሐሙስን ግን አንድም ቀን ለመተው አስቤ አላውቅም። ጥያቄዎቼ ሁሉ የሚመጡት ከሐሙስ ነው።

የዘርፋችን ትልቁ ትምህርት የመጣው በ2007 ነው። በሽታው ከኢንሱሊን ጋር ከተያያዘ፣ ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲሰማ የሚረዳው ሜትፎርሚን ሴቶቹን ያስወልዳል ብለን ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ሐሳቡ ያምር ነበር። ከዚያ ሌግሮና ባልደረቦቻቸው 626 ሴቶችን በዕጣ መድበው ፈተኑት። እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገውን ክሎሚፌን ከወሰዱት 22.5 በመቶ ወለዱ። ሜትፎርሚን ብቻ ከወሰዱት 7.2 በመቶ። በ2014 ደግሞ 750 ሴቶች ላይ ሌትሮዞል የሚባል ሌላ መድኃኒት ከክሎሚፌን ጋር ተነጻጸረ፤ 27.5 በመቶ ለ19.1 ሆነና ሌትሮዞል በለጠ። ሌትሮዞል ኢንሱሊንን አይነካም፤ መጀመሪያ የመጣውም ለጡት ካንሰር ነው። የበሽታን ምክንያት ማወቅ አንድ ነገር ነው። ልጅ ለምትፈልግ ሴት መድኃኒት መምረጥ ደግሞ ሌላ ነው። ሜትፎርሚን ለስኳሩ አሁንም ጥሩ መድኃኒት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለራሴም ጥያቄ ቢሆን «በዕጣ የተመደበ ጥናት ምን ይላል?» ሳልል ማዘዣ ላይ አልጽፍም።

አሁን ከአዲስ አበባ ባልደረቦች ጋር አብረን እንሠራለን። ለምን? የበሽታው የዘር መረጃ ያለው በአብዛኛው ከቻይናና ከአውሮፓ ነው። በ2011 ቻይናውያን ተመራማሪዎች የመጀመሪያዎቹን የዘር ምልክቶች አገኙ፤ ከዚያ የአውሮፓ ተከተለ። የእኛ ሴቶች የሉበትም። የእኛ ሴቶች ሳይኖሩ የሚጻፍ መመሪያ ለእኛ ሴቶች መሥራቱን ማን ያረጋግጣል?

አዲስ አበባ ላይ የአሜሪካውን ቅጽ ተርጉሞ መሥራት አይቻልም። «የመጨረሻ ወር አበባሽ መቼ ነበር?» ሲባል መልሱ «ለጥምቀት መጥቶልኝ ነበር» ወይም «ከፋሲካ ወዲህ አላየሁም» ነው። ስለዚህ በዓላቱ የተመለከቱበት የእኛ ካላንደር ቅጹ ላይ ገባ። በአንድ ጊዜ የቀኖቹ ትክክለኛነት ተሻሻለ። ሌላው ጾም ነው። የስኳር ምርመራው 75 ግራም ግሉኮስ ያስጠጣል፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ስኳሩ ይለካል። በሁዳዴ ወይም በረመዳን ጠዋት ይህን የምትጠጣ ሴት ማግኘት ዘበት ነው፤ መጠየቅም ተገቢ አይደለም። ቀጠሮዎቹን ከጾሙ ውጪ አደረግን። መብራት ሲጠፋ የናሙናው ፍሪዘር ጉዳይ አለ። ጄኔሬተር መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ስልክ የሚደውል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ ሰውም እንዲሁ። ይህን ሥራ የሚሠሩት ላብራቶሪ ቴክኒሺያኖች ናቸው። ምስጋናው የነሱ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ባሎችን ማምጣት ነበር። ልጅ መውለድ ከተቸገሩ ጥንዶች ግማሽ ገደማ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። ሴቲቱ ግን ጠበሉንም፣ አልትራሳውንዱንም፣ የአማት ነገሩንም ለብቻዋ ነው የምትሸከመው። አንዲት ነርስ መላ አመጣች። ቀጠሮ ስትሰጥ «ለሁለታችሁም» ብላ የሁለቱንም ስም ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ባልየው ሲመጣ ከሚስቱ ጋር ደም ይሰጣል፣ ከዚያ የዘር ፈሳሽ ምርመራው ይነገረዋል። «አንተ ነህ ጥፋተኛው» የሚል ቃል የለም። የሚመጡት ወንዶች ቁጥር ከፍ ብሏል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የመካንነት ሕክምና ማዕከል ስለከፈተ፣ መሄጃ የሌለው ምርመራ ነው የምናደርገው ብዬ ከመጨነቅ አንድ ደረጃ ወርጃለሁ።

ይህን የምታነቡ ሴቶች ካላችሁ፣ ዶክተር ልሆን አልፈልግም የምትሉም ብትሆኑ፣ ለናንተም አለኝ። ወር አበባችሁ በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከሆነ፣ ወይም ከ35 ቀን በላይ እየራቀ የሚመጣ ከሆነ፣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ፣ ሌሎች በሽታዎችም ከተጣሩ በኋላ፣ ፒሲኦኤስ ይባላል፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንዱ ሆርሞን መብዛት በፀጉር ወይም በደም ሲታይ፣ እና አልትራሳውንዱ ላይ የሚታየው የኦቫሪ መልክ። ከ2023 ወዲህ ለአዋቂ ሴቶች በአልትራሳውንዱ ፈንታ ኤኤምኤች የሚባል የደም ምርመራ ይበቃል። ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞንም አብረው ይታዩ። የ75 ግራም የስኳር ምርመራውን ጠይቁ፤ ቀጭን ብትሆኑም ጠይቁ። ወር አበባ ለረጅም ጊዜ ከቀረ የማህፀን ግድግዳ ይወፍራል፤ ለማህፀን ካንሰርም ያጋልጣል። ስለዚህ ልጅ አሁን ባትፈልጉም መታከም አለበት። የማህፀን ክፍሉን ወረቀት ስኳር ክሊኒክ ይዛችሁ ግቡ፤ የስኳሩንም ማህፀን ክፍል። ሁለቱን ሐኪሞች የምታገናኙት ለጊዜው እናንተ ናችሁ።